መድኃኒቱ ቦታው እንዴት ይደርሳል? ጥቁር አዝሙድ ከኢብኑል ቀይም እስከ ናኖ



ስለ ጥቁር አዝሙድ (ሐበቱ ሰውዳእ) ሲነሳ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም እንጠቅሳለን። ዑለሞቻችን ሐዲሱን እንዴት እንዳብራሩት ግን እምብዛም አናነብም።

ኢማሙል ኸጧቢ (በ388 ሂጅሪያ የሞቱት) የሐዲሱ ቃል ጥቅል ቢሆንም የተፈለገበት የተወሰኑ በሽታዎች ናቸው ብለዋል። ኢብኑል ቀይም (691–751 ሂ.) በ«ዛዱል መዓድ» ጥቁር አዝሙድ ከቅዝቃዜ ለሚመጡ በሽታዎች እንደሚጠቅም ጻፉ። ለትኩስና ደረቅ በሽታ ደግሞ ጥቂቱ ሲወሰድ የሌላውን መድኃኒት ኃይል ፈጥኖ ወደ ቦታው ያደርሳል አሉ። ለዚህም የ«አል-ቃኑን» ባለቤት ኢብኑ ሲና በካፉር ክኒን ውስጥ ዘዕፈራን እንዲገባ ማዘዛቸውን በማስረጃነት አቀረቡ።

ልብ በሉ! ዑለሞቹ የጠየቁት «ምን እንስጥ?» ብለው ብቻ አይደለም፤ «እንዴት ይደርሳል?» ብለውም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ግብጻዊው ተመራማሪ ኤል-ዳኻኽኒ ከዘሩ ዘይት ቲሞኪኖንን ለይተው አወጡ። ቲሞኪኖን አንቲኦክሲዳንት ነው፤ በአስም የተቆጣ የአየር ቧንቧ ውስጥ የሚበዙትንና ሴሎችን የሚጎዱትን ነገሮች ይከላከላል። ችግሩ ግን ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ብርሃንም ያበላሸዋል። ስለዚህ የዘመናችን ተመራማሪዎች በስብ ወይም ኪቶሳን በሚባል ነገር ሸፍነው በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚለካ ቅንጣት ያደርጉታል።

ለሳንባ ሲሆን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የሚሳበው ብናኝ ከተለቀ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ከደቀቀ ከትንፋሽ ጋር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ወደ ሳንባ ጥልቅ ለመድረስ የሚመቸው ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው። በዚህም የተነሳ ናኖ ቅንጣቶቹን በዚህ መጠን ባለ ብናኝ ውስጥ ማሸግ አንዱ መላ ሆኗል።

ከዚህ ተነስተን «ኢብኑል ቀይም ናኖን ያውቁ ነበር» አንልም፤ ይህ ባልተናገሩት ነገር በዑለማ ላይ መዋሸት ነው። የቲሞኪኖን ናኖ ምርምርም በአብዛኛው ገና በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ነው።

ይህን የምንጽፈው አንዳንድ ወንድሞች «ሐዲስ አለ» እያሉ ኢንሄለራቸውን ስለሚጥሉ ነው። ሐዲሱ እውነት ነው፤ መድኃኒት መተው ግን የሐዲሱ ትርጉም አይደለም። ጥቁር አዝሙድ ከምግባችሁ ጋር ተመገቡ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን አታቋርጡ፣ ዘይቱንም በአፍንጫ አትሳቡ፤ ዘይት ሳንባ ውስጥ ከገባ ራሱ በሽታ ይሆናል። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

ወላሁ አዕለም።