የተውሶ ብርሃን፦ መጋቢ የመኪና ውድድሮች፣ የሚዲያ ሽፋንና የስፖንሰር ገንዘብ

ጭምቅ ሐሳብ

ይህ መጣጥፍ መጋቢ የመኪና ውድድሮች ለስፖንሰር የሚያስገኙት የሚዲያ ሽፋን ከምን እንደሚመነጭ ደብልዩ ሲሪስንና ኤፍ ዋን አካዳሚን በማነጻጸር ይመረምራል። በዚህ እርከን ገንዘብ የሚያቆየው የስርጭቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን ውድድሩ ከበላዩ ካለው ተቋም ጋር ያለው ትስስር እንደሆነ፣ ትስስሩም ዋጋ እንደሚያስከፍል ይከራከራል።

መግቢያ

ለፎርሙላ ዋን የሚታጭ አሽከርካሪ በአብዛኛው ከካርቲንግ ተነስቶ መጋቢ ውድድሮች በሚባሉት በፎርሙላ 4፣ በፎርሙላ 3 እና በፎርሙላ 2 ያልፋል። የመጨረሻው እርከን በ2005 ጂፒ2 በሚል ስም ተጀምሮ በ2017 ፎርሙላ 2 ተብሏል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኒኮ ሮዝበርግ በ2005፣ ሉዊስ ሃሚልተን በ2006፣ ቻርልስ ሌክሌር በ2017 ሻምፒዮን ሆነው በቀጣዩ ዓመት ፎርሙላ ዋን ገብተዋል። የ2022ቱ ሻምፒዮን ፌሊፔ ድሩጎቪች ግን ያገኘው በአስተን ማርቲን የተጠባባቂነት ቦታ ነበር። በመጋቢ ውድድር ላይ ገንዘቡን የሚያውል ድርጅት እንግዲህ ከዛሬው ተመልካች ይልቅ የነገውን ተስፋ ይገዛል፤ ተስፋው ደግሞ ሁልጊዜ አይሰምርም።

ሽፋን እንዴት ይለካል?

የተለመደው ስልት የድርጅቱ አርማ በቴሌቪዥን የታየባቸውን ሰከንዶች መቁጠር፣ የአርማውን መጠንና ግልጽነት ማመዛዘን፣ ከዚያም ለዚያው ያህል የማስታወቂያ ጊዜ የሚከፈለውን ዋጋ ማስላት ነው። ስልቱ አርማው መታየቱን እንጂ መታወሱን አይነግርም። ድክመቱ በመጋቢ ውድድር ይብሳል፦ ውድድሩ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ዋናው ዝግጅት ሳይጀመር ነው፤ ካሜራውም የሚከተለው ከፊት ያሉትን ነው። በመሃል ሰልፍ የሚሮጥ መኪና በደንብ የሚታየው ምናልባት ሲጋጭ ይሆናል።

ከዚህ በላይ አንድ መዋቅራዊ ክፍተት አለ። በአብዛኞቹ መጋቢ ውድድሮች የስፖንሰሩ ገንዘብ የሚሄደው የመቀመጫ ክፍያ ለሚጠየቀው አሽከርካሪና ለቡድኑ ነው፤ ሥርጭቱን የሚሸጠው ግን የውድድሩ ባለቤት ነው። ከፋዩ ብርሃኑን አይቆጣጠርም።

ሁለት መንገዶች

ደብልዩ ሲሪስ በግንቦት 2019 በጀርመን ሆክንሃይም ሲጀመር ይህን አሠራር ገለበጠው። ሴቶች ብቻ በአንድ ዓይነት መኪና፣ ምንም ሳይከፍሉ እንዲወዳደሩ አደረገ፤ በብሪታንያም ውድድሩ ማንም በነጻ በሚያየው ቻናል 4 ተላለፈ። በ2021 ከፎርሙላ ዋን ጋር በአንድ ሳምንት መጨረሻ መሮጥ ጀመረ። ከሽፋን አንጻር ብዙ ነባር መጋቢ ውድድሮች የሚመኙትን አግኝቶ ነበር። ነገር ግን አሽከርካሪዎች ስላልከፈሉ ወጪው ሁሉ በውድድሩ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ታዋቂነቱ በፍጥነት ወደ ገንዘብ መለወጥ ነበረበት። በ2022 ይጠበቅ የነበረው መዋዕለ ንዋይ ሳይገባ ቀረና የውድድር ዘመኑ ከሲንጋፖር በኋላ ተቋረጠ፤ በሰኔ 2023 ድርጅቱ በኪሳራ ሕግ ሥር ገባ። ጄሚ ቻድዊክ ሦስቱንም ዋንጫዎች ብታነሳም ከዚያ በፎርሙላ ዋን መሰላል ላይ ወደ ላይ አልወጣችም። በ2023 ወደ አሜሪካው ኢንዲ ኤንኤክስቲ ሄዳ ለአንድሬቲ ቡድን፣ የቡድኑ የቆየ ስፖንሰር በሆነው በዲኤችኤል ቀለም ተወዳደረች።

ፎርሙላ ዋን ራሱ ያቋቋመው የሴቶች ውድድር፣ ኤፍ ዋን አካዳሚ፣ የተነሣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በ2023 15 መኪናዎች በሰባት ዙር 21 ጊዜ ተወዳደሩ፤ በቀጥታ የተላለፈው ግን የኦስቲኑ የመጨረሻ ዙር ብቻ ነበር። በሰከንድ ቆጠራው ሒሳብ ቢሄድ ውድድሩ ለስፖንሰር ከባዶ እጅ የሚሻል አልነበረም። ወጪው ግን ተከፋፍሎ ነበር፦ ለእያንዳንዱ መኪና ፎርሙላ ዋን 150,000 ዩሮ ሲደጉም አሽከርካሪዋም ያንኑ ያህል ታመጣ ነበር። በ2024 አሥሩም የፎርሙላ ዋን ቡድኖች እያንዳንዳቸው ለአንድ አሽከርካሪ ቀለማቸውንና ስማቸውን ሰጡ፤ ዙሮቹ ሁሉ ከፎርሙላ ዋን ጋር ተደርገው በቀጥታ ተላለፉ። በቀሩት መኪናዎች ላይ እንደ ቶሚ ሂልፊገርና ሻርሎት ቲልበሪ ያሉ፣ ከልብስና ከመዋቢያ ገበያ የመጡ ስሞች ታዩ። ስለ ውድድሩ የተሠራው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም የወጣው በግንቦት 2025 ነው። ትስስሩ ቀደመ፤ ካሜራው ተከተለ።

የውሰት ዋጋ

በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላል የአገራችን ተረት። መጋቢ ውድድር ግን የሚደምቀው በሰው ወርቅ ነው፤ አከራካሪው ነጥብ ወርቁ የሚመለስበት ቀን ነው። አቢ ፑሊንግ በ2024 በፎርሙላ ዋን ቡድኑ በአልፒን ቀለም የኤፍ ዋን አካዳሚን ዋንጫ ወስዳ በሽልማቱ ወደ ብሪታንያው ጂቢ3 ተሻገረች። የአልፒንን ቀለም በ2025 የለበሰችው ኒና ጋደማን ነበረች። ሽፋኑ ከቀለሙ ጋር ቀረ፤ አሽከርካሪዋ ይዛ የሄደችው ስሟንና ልምዷን ነው። የውድድሩ ደኅንነት የተገነባው ተወዳዳሪዋ በምትተካበት፣ ባለቤቱ ግን በማይለወጥበት ውል ላይ ነው። ቻድዊክም አሜሪካ ስትደርስ የጠበቃት የቡድኑ እንጂ የራሷ ስፖንሰር አልነበረም።

መደምደሚያ

ሁለቱ ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ብዙ ዓይን ያገኘው ፈርሷል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጨለማ ውስጥ የሮጠው ግን በእግሩ ቆሟል። ልዩነቱን ሰከንድ መቁጠር አያስረዳውም፤ ወጪው በስንት ትከሻ ላይ እንዳረፈ ማየት ግን ያስረዳል። ያ ትከሻ የተገኘው በትስስር ነው፤ በትስስር የመጣ ሽፋን ደግሞ የውሰት ነው። ስለዚህ በመጋቢ ውድድር የሚሰማራ ስፖንሰር አርማው ስንት ጊዜ እንደሚታይ ከመጠየቁ በፊት፣ አሽከርካሪዋ እርከኑን ስትለቅ አርማው አብሯት ይሄድ እንደሆነ ወይም በመኪናው ላይ ይቀር እንደሆነ በውሉ ላይ ማስፈር አለበት።