የሚገጣጠመው ኮምፒውተርና የሊኑክስ ልደት



የሊኑክስ ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የአንድ ፊንላንዳዊ ተማሪ ብልህነት ነው። ብልህነቱን አልክድም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ግን ያ ተማሪ የሠራበትን ሣጥን ነው። ሊኑክስ ሊወለድና ሊስፋፋ የቻለው፣ ክፍሎቹ ተመርጠው የሚገጣጠሙ፣ አሠራሩም በይፋ የታወቀ ኮምፒውተር አስቀድሞ ስለነበረ ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ፈጥኖ ለገበያ ለማድረስ ሲል ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ስርዓተ ክወናውን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። የማሽኑን የቴክኒክ መመሪያም ከነሰርኪዩት ንድፉ አሳተመ። ለራሱ ያስቀረው ዋና ቁልፍ ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው፣ ባዮስ የተሰኘው ፕሮግራም ነበር። ኮዱ በመመሪያው ውስጥ ቢታተምም በቅጂ መብት የተጠበቀ ስለነበር ማንም ሊቀዳው አይችልም። ኮምፓክ ግን የአይቢኤምን ኮድ ያላዩ ባለሙያዎች ተግባሩን ብቻ ተከትለው አዲስ ባዮስ እንዲጽፉ አደረገ። በ1984 ደግሞ ፊኒክስ የተባለው ኩባንያ በተመሳሳይ ዘዴ ያዘጋጀውን ባዮስ ለሌሎች አምራቾች ማቅረብ ጀመረ። ማዘርቦርዱን ከአንዱ፣ ሃርድ ዲስኩን ከሌላው ገዝቶ ኮምፒውተር መገጣጠም ከዚያ በኋላ የትንንሽ ሱቆችና የግለሰቦች ሥራ ሆነ።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 መጀመሪያ ሄልሲንኪ ውስጥ የገዛው ኮምፒውተር የዚህ ታሪክ ውጤት ነው። የስመ ጥር ኩባንያ ምልክት የለውም። ፕሮሰሰሩ ባለ 33 ሜጋኸርትዝ 386፣ ሚሞሪው 4 ሜጋባይት ነበር፤ ክፍያውም በሦስት ዓመት የሚጠናቀቅ። 386 ለአንድ ሥራ እጅግ የተመቸ ፕሮሰሰር ነበር፤ ሚሞሪን በገጽ እየከፈለ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ይዞታ እንዳይነካ መከልከል ይችላል። ዩኒክስን የመሰለ ስርዓት በቤት ውስጥ ለማስኬድ ይህ ችሎታ ቁም ነገር ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የጫነው ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባም ለማስተማሪያነት የጻፉትን ሚኒክስን ነበር። ይህ ስላላረካው የራሱን መጻፍ ያዘ።

በነሐሴ 1991 ሥራውን ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች ሲያስታውቅ ሁለት ነገር አስጠነቀቀ፦ ስርዓቱ ከ386 ጋር የተቆራኘ መሆኑን፣ ሃርድ ዲስክም ቢሆን ከኤቲ ዓይነት ውጪ ምናልባት እንደማይቀበል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እርሱ ዘንድ የነበረው ያ ብቻ ነው። እንግዲህ ሊኑክስ በአንድ ሰው ማሽን ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር። ነገር ግን ያ ማሽን ከታወቁ ክፍሎች የተገጣጠመ በመሆኑ፣ ለእርሱ የተሰፋው በሌሎች አገሮች ለነበሩ በርካታ ሰዎችም ልክ ሆነ። በ1992 ሊነስ ሽያጭን የሚከለክለውን የመጀመሪያ ፈቃዱን ትቶ ሪቻርድ ስቶልማን ያዘጋጀውን የጂኤንዩ ፈቃድ ሲቀበል የሶፍትዌሩም በር ተከፈተ።

እዚህ ላይ የራሴን ገጠመኝ ላንሣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካገለገሉ ዕቃዎች አንድ ኮምፒውተር ገጣጥሜ ሊኑክስ ጫንሁበት። ሁሉም ሠራ፤ ሞደሙ ግን እምቢ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ ስፈልግ ሰነበትሁ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ካርዱ ሊሠራው የሚገባው ሥራ ግማሹ በውስጡ አልነበረም፤ ለሌላ ስርዓተ ክወና ብቻ ለተጻፈ፣ አሠራሩም ለተሰወረ ፕሮግራም ተትቷል። ከጓደኛዬ በኬብል የሚገናኝ የውጭ ሞደም ተዋስሁ፤ በዚያው ሌሊት መስመር ገባሁ። ካርዱን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ፤ በእጄም ሰክቼዋለሁ። ነገር ግን የእኔ አልነበረም።

ፊደላችንም ተመሳሳይ ፈተና አልፏል። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ለእያንዳንዱ ፊደል ለሁሉም የታወቀ ቁጥር ተመደበ። ከዚያ ወዲህ የየትኛውም ስርዓት ጸሐፊ ፈቃድ ሳይጠይቅ አማርኛን ሊያስተናግድ ይችላል።

ዛሬ ሚሞሪያቸው በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ፣ መተካት የማይቻል ላፕቶፖች በዝተዋል። ቀጭንና ቀላል መሆናቸው ጥቅም እንዳለው አልክድም። ከዋጋው ጋር ግን አንድ ነገር አብረን እየከፈልን ነው፤ ከፍቶ የማየትንና ለውጦ የመሞከርን ዕድል። ስለዚህ ተማሪዎቼን የምለምነው ይህን ነው፦ አንድን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን፣ አሠራሩን የሚገልጽ ሰነድ በይፋ መውጣቱንም ጠይቁ። ባልደረቦቼንም የምጠይቀው አለኝ። ከአገልግሎት የወጡ ኮምፒውተሮቻችንን ከመጋዘን አውጥተን ለተማሪዎቻችን እንስጥ፤ ይፍቱ፣ ይግጠሙ፣ ያልሠራውም ለምን እንዳልሠራ ይመርምሩ። እኔ ከሠሩልኝ ክፍሎች ሁሉ ይልቅ የተማርሁት ከዚያ እምቢተኛ ሞደም ነው።