ሜዳሊያውና ቃሬዛው

የምረቃ ወቅት በመጣ ቁጥር በየግቢያችን አንድ ዓይነት ሥነ ሥርዓት ይደገማል። ስም ይጠራል፤ ጋዋን የለበሰችው ልጅ ወደ መድረክ ትወጣለች፤ ሜዳሊያ ይጠለቅላታል፤ አዳራሹ በእልልታ ይናወጣል። የነርሲንግ ተማሪ ከሆነች ደግሞ እልልታው ይብሳል። ይገባታል እኮ! ሌሊቱን በዎርድ፣ ቀኑን በክፍል ያሳለፈች ናት። ነገር ግን እኛ ከላስታና ከመቄት የመጣን ተማሪዎች አንድ ጥያቄ እናነሣለን፦ በአገራችን የነርስነት ታሪክ ውስጥ «ብልጫ ያላት ምሩቅ» የምትባለው በምን ሚዛን ተመዝና ነው? እስቲ ታሪኩን ገለጥ አድርገን እንይ።

ታሪኩ ስደት አለበት። ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በዚያን ዘመን ቁስል ማጠብና የሕመምተኛ ዕቃ ማንሣት ለጌታ ልጅ አይገባም፣ የአሽከርና የገረድ ሥራ ነው ይባል ነበር። የንጉሥ ልጅ ይህንኑ ሥራ ተምራ መመረቋ ከውጤቷ የበለጠ ነገር ተናገረ፦ ሕመምተኛን ማገልገል ውርደት አይደለም።

ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? ነጻነት ተመልሶ አገራቸው በገቡ በዓመቱ ገደማ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ልዕልቲቱ ለቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። ልብ እንበል፤ በትልቁ የለንደን ሆስፒታል የተማረች ነርስ እንኳ በምጧ ሰዓት ለራሷ ነርስ ልትሆን አትችልም። አንዲት ምሩቅ ምንም ብትልቅ አንድ ሰው ናት። አገር የሚድነው በየመንደሩ ደራሽ እጅ ሲኖር ነው።

በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው፣ በ1940ዎቹ የነርስ ትምህርት ቤት ነበረው። የቀይ መስቀልም ትምህርት ቤት በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ ለከተማ ሆስፒታል እንጂ ለገጠር አልተረፉም።

ሚዛኑን የለወጠው ጎንደር ነው። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው በፈጀ ማግሥት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ግቢ ተምረው፣ በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ታሰበ። አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ሰው የሚል ዕቅድ ነበር። ተማሪዎቹ ሳይመረቁ ገጠር ወርደው በሥራ ይፈተኑ ነበር። ይኸውም ማለት ፈተናው ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን ጭቃው ውስጥም ነበር ማለት ነው።

ጭቃ ካልን ወደ ፍላቂት እንምጣ። ፍላቂት የመቄት ከተማ ናት፤ ብርዷ ለጉድ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወልድያና የወረታ መንገድ ያልፍባታል። መንገዱ ሳይኖር ሕመምተኛ የሚጓዘው በቃሬዛ ነበር። ከመንገዱ ርቆ ለሚኖረው ገበሬ ደግሞ ቃሬዛ ዛሬም የታሪክ ዕቃ አልሆነም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ የሚሸከመው ሬሳ ብቻ አይደለም፤ ምጥ የጠናባትንም ይሸከማል። ደም የሚፈሳት ወላድ ግን ቀጠሮ አትሰጥም።

በደጋው ሌላም ጠላት አለ፤ ቅማል የሚያስተላልፈው ተስቦና ግርሻ። የግርሻ መድኃኒት ቀላል ነው፤ አንድ መርፌ ወይም ጥቂት የቴትራሳይክሊን ኪኒን ይበቃል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ሕመምተኛው ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ከዚያም የደም ግፊቱ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት አጠገቡ ተቀምጣ የምትከታተል ነርስ ከሌለች የዳነ የመሰለው ሊሞት ይችላል። ልብሱ ካልተቀቀለም በሽታው ወደ ቤተሰቡ ይዞራል። ገበሬው ይህችን ነርስ «ሐኪም» ብሎ ነው የሚጠራት። ዲግሪዋን አይጠይቅም፤ የሚያውቀው አብራው ማደሯን ነው።

ዓለምም ቢሆን ይህን ሚዛን ያውቀዋል። በነርሶች ዘንድ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሜዳሊያ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ተመሠረተ። ለክፍል ውጤት አይሰጥም፤ በመከራ ጊዜ ለታየ ሥራ ነው። በ1977ቱ ረኃብ መቀሌ ላይ የቀይ መስቀል ነርስ የነበረችው ክሌር በርትሺንገር ኋላ ይህን ሜዳሊያ ተሸልማለች። ያኔ ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ከተሰለፉት ብዙ ሕፃናት መካከል ጥቂቶቹን የመምረጥ ዕዳ ወድቆባት ነበር። እንዲህ ያለውን ፈተና የትኛው መምህር አርሞ ነጥብ ይሰጠዋል?

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የጎንደሩ ሐሳብ በሌላ መልክ ተመለሰ። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመርጠው፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ጤና ኬላ ላይ ተቀመጡ። አዳራሽና ሜዳሊያ ያላዩ ብዙ ናቸው፤ ግን ሳይጠሩ ደጃፍ ድረስ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በሰሜን ወሎ ባለፈ ጊዜ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ባዶ ግድግዳ ቀሩ። ያን ጊዜ የጠፋው አልጋና መድኃኒት ብቻ አልነበረም፤ የሕዝቡ ደራሽም ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ሜዳሊያ ይቅር አንልም። ጎበዝ ተማሪ መሸለም አለባት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ተጨምሮ ድካሟ በዝቷል። የምንለው ሌላ ነው። ኮሌጆቻችን የተመራቂዋን ነጥብ መዝግበው ፋይሉን ይዘጋሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንዳለች፣ ሥራ አግኝታ እንደሆነ፣ ስንት ወላድ በእጇ በሰላም እንደተገላገለች የሚጽፍ የለም። ይህ ካልተጻፈ የነርሶቻችን ታሪክ በየዓመቱ ከአዳራሹ በር ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ለዕረፍት አገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን ደብተር ይዘን እንግባ። በፍላቂት፣ በላሊበላ፣ በየቆላውና በየደጋው በነርስነት ያገለገሉትን ፈልገን እንጠይቅ፤ በፈቃዳቸውም ሥራቸውን እንጻፍ። ሽማግሌ ነርሶች ሳያልፉ ነው ይህ የሚሆነው። የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎችም ዋንጫውን ሲያነሡ ከነማን ቀጥለው እንደቆሙ ይወቁ።