አውቶፓይለት ካልታዘዘ አይወርድም

ከሰርዶ ወደ ሰመራ ስንሄድ ለማረፍ ዝቅ የሚል አውሮፕላን ካየን "በአውቶፓይለት ነው የሚወርደው" እንባባላለን። ሊሆን ይችላል፤ እንዴት እንደሚወርድ የሚመርጠው ግን ፓይለቱ ነው። ቦይንግ 737ን እንውሰድ፦

🔹 ቪናቭ፦ ኮምፒውተሩ በተሞላለት የጉዞ መስመር መውጫና መውረጃውን ያሰላል። በመደበኛ በረራ ተመራጭ ነው።

🔹 ሌቭል ቼንጅ፦ አፍንጫውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ስፒዱን ይጠብቃል። ሲወጣ ሞተሩ ጉልበት ይሰጣል፣ ሲወርድ ይቀንሳል። ቶሎ ለመውጣት ወይም ለመውረድ ይጠቅማል።

🔹 ቨርቲካል ስፒድ፦ "በደቂቃ ይህን ያህል ጫማ" ተብሎ ይታዘዛል። ለትንሽ የከፍታ ለውጥ ይመቻል። ሲወጣ ግን ጥንቃቄ! ከሞተሩ አቅም በላይ ከታዘዘ ስፒዱ ይወድቃል።

ዋናው ነገር፦ ፓነሉ ላይ ዝቅ ያለ ከፍታ ካልተሞላ፣ መውረጃው ቢደርስም ቪናቭ አይወርድም።

ነሐሴ 9/2014 ዓ.ም ከካርቱም የመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 (በረራ ኢቲ343) በ37,000 ጫማ ላይ እንዳለ መውረጃውን አልፎ ሄደ። ፓይለቶቹ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው እንዳልቀረ ተዘግቧል። አውቶፓይለቱ ሲጠፋ አላርሙ ጮኸ፤ ከዚያ ተመልሰው ቦሌ በሰላም አረፉ። አየር መንገዱም ምርመራው እስኪያልቅ ከበረራ አግዷቸዋል።