ስልክ ማለት ሽቦ ነው

አያቴ ቤት አንድ ቀይ ስልክ አለ፡፡ ቤቱ ሰባተኛ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተደጋግፎ ከቆመበት መንደር ውስጥ፡፡ ስልኩ ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል፡፡ ድሮ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር አሉ፡፡ የዘንድሮ ሰው ላያምን ይችላል እንጂ ስልክ ይቆለፍ ነበር! ጎረቤት «አንዴ ብቻ ልደውል» ብሎ ይገባና ጅማ ካለ ዘመዱ ጋር ስለ ልጁ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ ሲያወራ ይቆያል፤ ሂሳቡ በወሩ መጨረሻ ለባለቤቱ ይመጣል፡፡

ይህ ስልክ የገባበት መስመር የቤታችን የኢንተርኔት መግቢያም ነው፡፡ እናላችሁ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ቤታችን ውስጥ የነበረው ጭቅጭቅ አንድ ብቻ ነው፡፡ ታናሽ ወንድሜ በኦንላይን የሚከታተለው ኮርስ አለ፡፡ አስተማሪው አፉን እንደከፈተ ይደርቃል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል፡፡ ወንድሜ «ይሄ መስመር ይቆረጥና በሞባይል ዳታ እንጠቀም» ይላል፡፡ አያቴ «እኔ ሳልሞት አይቆረጥም» ትላለች፡፡ ምክንያቷን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፡፡ እኔ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተኝ ሽቦውን ራሱን ልመርምር ብዬ ተነሳሁ፤ ጋዜጠኝነት ተምሮ እንዲህ ካልተጠቀሙበት ምን ይሠራል? ከየት መጣ? ለምንስ ታመመ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳይምታታብን፡፡)

ከቃሉ እንጀምር፡፡ «ስልክ» የሚለው ስም ከአረብኛ የመጣ ነው፤ «ሲልክ» ማለት ሽቦ ነው፡፡ ፈረንጅ መሣሪያውን «የሩቅ ድምፅ» ብሎ ሲሰይመው እኛ በዓይናችን ባየነው ነገር፣ በሽቦው ጠራነው፡፡ ሞባይሉን ከኪሱ አውጥቶ «ስልኬ» የሚል ሰው ሽቦ የሌለውን ነገር «ሽቦዬ» እያለው ነው ማለት ነው፡፡

ሽቦው አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፡፡ በይፋ የሚቆጠረው 1894 ሲሆን በነዚያው ዓመታት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ተዘረጋ፡፡ ካህናቱ «የሰይጣን ድምፅ ነው» ብለው ተቃወሙ የሚባለውን ወሬ ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ አልደግመውም፡፡ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፡፡ ያ ሽቦ አዲስ አበባ ሲደርስ መርካቶ የሚባል ሰፈር አልነበረም፡፡ ገበያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፡፡ ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 አገሩን በያዘ ጊዜ ከተማውን የነጭና የጥቁር ብሎ ሊከፍል አሰበና ያገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፡፡ «መርካቶ» የሚለው ስም የዚያ ግፊት ትዝታ ነው፤ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው፡፡ ገፊው ሄደ፣ ገበያው ቀረ፡፡

ከዚያ በኋላ የስልኩን መረብ ለማቆም ገንዘብ አስፈለገ፡፡ የዓለም ባንክ በ1951 ለኢትዮጵያ ስልክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ቀደምት ብድሮች አንዱ ነው፡፡ በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፡፡ የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮም የዘር ሐረጉ ወደዚያ ቦርድ ይመዘዛል፡፡ በመሀል ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ሕዝቡ ግን «ቴሌ» ከማለት ንቅንቅ አላለም፡፡

መስመር ማግኘት ለረጅም ዘመን የወረፋ ጉዳይ ነበር፡፡ በ2007ቱ ቆጠራ 73.9 ሚሊዮን ሕዝብ በነበራት አገር የቤትና የቢሮ ስልክ መስመሮች ተደምረው አንድ ሚሊዮን አልሞሉም፡፡ መርካቶ ደግሞ ያለውን ማብዛት ያውቅበታል፡፡ አንድ ሱቅ ለሦስት ይከፈላል፤ ቆጥ ይወጣለታል፤ ከጀርባው መጋዘን ይቀጠልለታል፡፡ ስልኩም እንዲሁ፡፡ ከፊት ሱቅ ወደ ጓዳ አንድ ሽቦ፣ ከጓዳ ወደ ቆጥ ሌላ፣ ከቆጥ ወደ አጎት ሱቅ ሦስተኛ፡፡ ሲደወል ሁሉም ጋ ይጮኻል፤ ቀድሞ ያነሳ ያወራል፡፡ ይህችን ዘዴ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ ታፈላብናለች፡፡

እነዚህ ሽቦዎች የተሠሩት ለሰው ድምፅ ነው፡፡ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች እርስ በርስ ተጠማዝዘው ይሄዳሉ፤ ንግግሩ የሚያልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው፡፡ ለ«ጤና ይስጥልኝ» ይበቃል፤ ሃምሳ ጥቅል አቡጀዲ ለማዘዝም ይበቃል፡፡ ኢንተርኔት በጥር 1997 አገራችን ሲገባ የተሰጠው መንገድ ግን ይኸው ነበር፡፡ ሞደሙ እንደ ሰው ይደውላል፣ ይንጫጫል፣ ይገናኛል፡፡ ፍጥነቱ ቢበዛ 56 ኪሎ ቢት በሰከንድ ነው፡፡ 5 ሜጋ ባይት የሆነ አንድ ዘፈን በወረቀት ስሌት 12 ደቂቃ ይወስዳል፤ በእውነተኛው ሽቦ ላይ ከዚያም ይብሳል፡፡ በመሀል አንዱ ስልኩን ካነሳው አለቀ፤ ከሀ ትጀምራላችሁ፡፡

በ2000ዎቹ አጋማሽ ኤዲኤስኤል መጣ፡፡ ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ያው ሽቦ ሳይቀየር ንግግሩ ከታች ባለው ጠባብ መተላለፊያ ይሄዳል፣ መረጃው ደግሞ ከሱ በላይ እስከ አንድ ሚሊዮን ኸርዝ በሚደርሰው ሰፊ ክፍል፡፡ ኋላ የመጣው ኤዲኤስኤል ቱ ፕላስ ይህንን እጥፍ አደረገው፡፡ እናት ታወራለች፣ ልጅ ያወርዳል፡፡ ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቀጭን ድምፅ ሩቅ አይሄድም፡፡ ሰርግ ቤት በሩቁ ስታልፉ የሚሰማችሁ ከበሮው ነው እንጂ ክራሩ አይደለም፡፡ ኤዲኤስኤልም የሚሠራው በክራሩ ነው፡፡ ከስልክ ጣቢያው አጠገብ ያለ ቤት እስከ 24 ሜጋ ቢት ሊያገኝ ይችላል፤ ሽቦው አምስት ኪሎ ሜትር ከተጓዘ ግን አንድ ሁለት ሜጋ ቢት ካያችሁ እልል በሉ፡፡ ያውም ሽቦው ጤነኛ ከሆነ፡፡

የመርካቶ ሽቦ ጤነኛ የሚሆንበት ዕድል አላገኘም፡፡ ሞባይል በ1999 ከገባ በኋላ ገንዘቡም ሐሳቡም ወደ ማማዎቹ ዞረ፡፡ በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የተፈረመው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል በዋናነት የሞባይል ነበር፤ በመጋቢት 2015 አዲስ አበባ 4ጂ አገኘች፡፡ አልቃወምም፤ እረኛው ሳይቀር ስልክ የያዘው በዚህ መንገድ ነው፡፡ መዳቡ ግን እዚያው እንደተቀበረ አረጀ፡፡ ቀላል ባቡሩ በ2015 በሰባተኛ በኩል ማለፍ እስኪጀምር ድረስ ሰፈሩ ተቆፍሮ ተከርሟል፡፡ ቁፋሮ ባለበት የተቀበረ ገመድ ይነካል፤ የተነካው ይቀጠላል፤ በተቀጠለበት ውሃ ይገባል፡፡ ደግሞ መዳብ ገንዘብ ነው፡፡ ገመድ እየቆረጠ በኪሎ የሚሸጠው ሌባ ስለበዛ በ2005 የቴሌንና የመብራትን መስመር የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 464 ወጥቷል፡፡

በዚያው በ2005፣ በመስከረም፣ አያቴን እንቅልፍ የነሳ ሌላ ነገር ተከሰተ፡፡ የአዲስ አበባ ስልኮች ከስድስት አሃዝ ወደ ሰባት አደጉ፤ የከተማው ኮድም ከ01 ወደ 011 ተለወጠ፡፡ የኛ አካባቢ ቁጥሮች ከፊታቸው 2 ተጨመረባቸው፡፡ መርካቶ ውስጥ 0112 ብሎ የሚጀምር ታፔላ ካያችሁ ያቺ 2 ያኔ የገባች ናት፡፡ አያቴ በደርግ ጊዜ በእግሩ ወደ ሱዳን የወጣ ልጅ አላት፤ አጎቴ፡፡ እኔ አላውቀውም፡፡ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ይደውል ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በ2003 ነው፡፡ ቁጥሩ ሲቀየር «ይህችን ሁለት ማን ይነግረዋል?» ብላ አለቀሰች ይላል አባቴ፡፡ እስከ ዛሬ የምታምነው ግን እንዲህ ነው፤ ስድስቱ ቁጥር አልተነካም፣ አንድ የአገር ሰው «ከፊቱ ሁለት ጨምር» ካለው ይደውላል፡፡ ስለዚህ መስመሩ አይቆረጥም፡፡ ይህንን በምን ክርክር ትረታላችሁ?

የቀረው ሽቦውን ማከም ነበር፡፡ የሰፈራችንን ኤሌክትሪሺያን ጠራን፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፡፡ ሞደሙን አላዩትም፡፡ መጀመሪያ ቀዩን ስልክ አነሱና አንድ ቁጥር ብቻ ነክተው ጸጥ ሲል አዳመጡ፡፡ ጸጥ አላለም፤ ቆሎ እንደሚቆላ ይንጣጣል፡፡ «በጆሮ የሚሰማ ከሆነ ለኢንተርኔቱማ ጎርፍ ነው» አሉ፡፡ ከዚያ ወንድሜ የሞደሙን መቆጣጠሪያ ገጽ ከፈተ፡፡ እዚያ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የትኛውም ባለ ኤዲኤስኤል ቤት ሊያያቸው ይገባል፡፡ አንዱ ምልክቱ በመንገድ ምን ያህል እንደተዳከመ ይናገራል፤ በግምት ለአንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ 14 ዴሲቤል ነው፡፡ የኛ 38 ይላል፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያልሞላ ማለት ነው፤ መጥፎ ርቀት አይደለም፡፡ ሁለተኛው ምልክቱ ከጫጫታው በላይ ምን ያህል እንደሚሰማ ነው፡፡ ከ6 በታች ከሆነ መስመሩ ይንገዳገዳል፡፡ የኛ 5 ነበር፡፡ የከፈልንበት ጥቅል 4 ሜጋ ቢት፣ የምናገኘው አንድ ያልሞላ፡፡

ጋሼ ሽቦውን በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉት፡፡ ከምሰሶው ወደ ጣሪያው ጠርዝ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ኮርኒሱ፡፡ ኮርኒሱ ውስጥ ጉዱ ወጣ፡፡ በፌስታል የተጠቀለለ፣ አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ ቋጠሮ፤ ከሱ ሦስት ሽቦ ይወጣል፡፡ አንዱ ወደ ሳሎን፡፡ አንዱ ወደ ቆጥ፣ ስልክ ወደሌለበት፡፡ ሦስተኛው በግድግዳው ሾልኮ ወደ ፊት፡፡

«እማማ፣ ይሄኛው ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ፡፡

«ወደሱ ሱቅ ነዋ!»

አያቴ «እሱ» የምትለው አያቴን ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፡፡ ሽቦው ግን እዚያው ግድግዳ ላይ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፡፡ ያቺ የመርካቶ ዘዴ ናት፡፡ ለንግግር ምንም አትጎዳም፡፡ ኤዲኤስኤል ሲሆን ግን ምልክቱ በሞተው ቅርንጫፍ ገብቶ ከጫፉ ይመታና እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል፡፡ ሁለት ዓመት ሙሉ ስናማርር ጥፋቱ በራሳችን ኮርኒስ ውስጥ ነበር፡፡

ጋሼ «ልቁረጠው?» ብለው ጠየቁ፡፡ አያቴ ትንሽ ዝም አለችና «የሳሎኑን ብቻ እንዳትነካብኝ ልጄ» አለች፡፡

ሁለቱ ቅርንጫፎች ተቆረጡ፡፡ ቋጠሮው ተፈትቶ ውሃ በማያስገባ፣ ውስጡ ጄል ባለው ማያያዣ ተተካ፡፡ ከምሰሶው ሳጥን ወዲያ ያለውን አልነካነውም፤ የቴሌ ንብረት ነው፣ እናንተም እንዳትሞክሩት፡፡ ሞደሙ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተነስቶ ሽቦው ቤት ከሚገባበት አጠገብ ተሰቀለ፤ ከሱ እስከ ወንድሜ ክፍል የኔትወርክ ገመድ ተዘረጋ፤ የቆርቆሮ ግድግዳ ዋይፋይን እንደ ጋሻ ይመልሳልና፡፡ ቀዩ ስልክ ደግሞ ሲገባ ጀምሮ ሊኖረው የሚገባው ትንሿ ፊልተር ተሰካችለት፤ ያለሷ ስልኩና ሞደሙ እርስ በርስ ይረባበሻሉ፡፡ ጠቅላላ ወጪው ከአንድ ወር የኢንተርኔት ክፍያችን ያነሰ ነበር፡፡ ማታ ስንለካ 3.4 ሜጋ ቢት፣ ያቺ 5 የነበረችው ቁጥር 11፡፡

ተአምር አይደለም፡፡ በሌላ አገር ይህን ሽቦ እየሸኙት ነው፤ እንግሊዝ የድሮውን የስልክ መረብ በጥር 2027 ልትዘጋ ቀን ቆርጣለች፣ ፈረንሳይም መዳቡን እስከ 2030 ልታሰናብት አቅዳለች፡፡ እኛም ዘንድ ነባር ነጋዴዎች ከ2000ዎቹ ጀምሮ አክሲዮን እያቋቋሙ ባሠሯቸው ፎቆች ውስጥ ፋይበር የገባላቸው አሉ፡፡ ከፎቁ ጀርባ፣ አንድ ግድግዳ አልፎ፣ የኛ ዓይነት ቤት አለ፡፡ ፋይበር እስኪደርሰን ያለን መዳብ ነው፤ ሲደርሰንም አያቴ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ቁጥሩ ያው ነው ወይ?» ብላ ነው፡፡

ወንድሜ ኮርሱን እየተከታተለ ነው፤ አስተማሪው አፉን ይከድናል፡፡ ቋጠሮው ገና ክረምት አልወረደበትም፡፡ ሐምሌ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ እንደገና እለካዋለሁ፡፡