የዝሆኔ በሽታ ስሙን ያገኘው በሦስት ገጽ ጽሑፍ ነው

በምዕራብ ሸዋ የሠራ ሐኪም ሁሉ ዝሆኔን ያውቀዋል። በጊንጪም ሆነ በባኮ በገበያ ቀን እግሩ ያበጠ ገበሬ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በሕክምናው ቋንቋ በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙ የወጣለት ደግሞ ውጭ አገር ሳይሆን እዚሁ አገራችን በሚታተም መጽሔት ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልን ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ያኔ ዝሆኔ ሲባል ወደ ሐኪሙ አእምሮ ቶሎ የሚመጣው በትንኝ የሚተላለፈው ፊላሪያ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን በሽታው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባለበት ደጋ፣ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ሰዎች ላይ እንደሚበዛ አስተዋለ። በ1978 ከባልደረባው ጋር በባዶ እግር የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ስላሉ ማዕድናት አሳተመ። በ1988 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ ሦስት ገጽ ጽሑፍ አወጣ። «እግር» እና «አቧራ» የሚሉትን የግሪክ ቃላት አጣምሮም ለበሽታው ስም ሰጠው። ሦስት ገጽ ብቻ! ከኋላው ግን የብዙ ዓመት ሥራ ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። በ2012 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በምዕራብ ሸዋ ሚዳቀኝ ወረዳ ያደረጉትን ጥናት በአንድ ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። «እዚህ ያለው ፖዶኮኒዮሲስ ነው» ማለት ቀላል ይመስላል፤ ገምጋሚ ግን «ፊላሪያ አለመሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የፊላሪያ እጮች በደም ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሌሊት ስለሆነ የቀን ደም ብቻውን አያሳምንም። ስለዚህ ጥናቱ ሕመምተኛውን በዓይን ከማየት አልፎ የጥገኛ ተሕዋስያንና የሴሮሎጂ ምርመራ አካተተ። ጥሩ ጽሑፍ የሚዘጋጀው እንዲህ ነው፤ የገምጋሚው ጥያቄ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ይታሰባል።

ይህ ሁሉ ለሕመምተኛው ምን ይፈይዳል? ብዙ ነው። መንስኤው ትል ካልሆነ የትል መድኃኒት አይፈውሰውም። የሚያስፈልገው ጫማ፣ እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባትና ፋሻ ነው። «የዘር እርግማን ነው» ተብሎ ትዳር የተከለከለ ሰውም መልስ ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የትሮፒካል በሽታዎች ተርታ አስገባው፤ አገራችንም በ2013 በብሔራዊ ዕቅዷ አካተተችው። ያልተጻፈ በሽታ በጀት አያገኝም።

እናንተም በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ የምታዩት አለ። መንገዱ ይታወቃል፦ አንድ ጥርት ያለ ጥያቄ መምረጥ፣ መረጃ ሳይሰበሰብ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘት፣ የመጽሔቱን የጸሐፊ መመሪያ ማንበብ፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ መጽሔት ብቻ መላክ፣ ለገምጋሚዎች አስተያየት ነጥብ በነጥብ መመለስ። «አልተቀበልነውም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣም አስተካክሎ ለሌላ መላክ ነው። ተረኛ አድሮ መጻፍ ከባድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለት ሦስት ሆኖ መጀመር ግን ይቻላል። ለመጀመር ደግሞ ከዚህ የመገናኛ ቀን የተሻለ አጋጣሚ የለንም።