ከዶራሌ እስከ ሞጆ፦ የተለያዩ ተቋማት ሶፍትዌሮች እንዴት በአንድ ሰንሰለት ይሠራሉ?

ከጂቡቲ ከተማ በስተምዕራብ በሚገኘው የዶራሌ ወደብ የተራገፈ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ለመድረስ መኪና ወይም ባቡር ብቻ አይበቃውም። የባንክ ፈቃድ፣ የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ የመድን ማስረጃና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያስፈልጉታል። እንደ ዕቃው ዓይነትም የመድኃኒት ወይም የግብርና ተቆጣጣሪዎችን ይሁንታ ይጠብቃል።

አንዱ ሰነድ ሲጓደል ኮንቴይነሩ ይቆማል፤ የማቆያ ክፍያው ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ በጂቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ይህ ወጪ ዞሮ ዞሮ ሸማቹ ላይ ያርፋል።

አገልግሎቶችን ማቀናጀት ምን ማለት ነው?

ባንኩ፣ ጉምሩኩና ወደቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው። ሁሉንም አፍርሶ አንድ ግዙፍ ሥርዓት ከመገንባት ይልቅ፣ እያንዳንዱ ተቋም “ይህ ፈቃድ የጸና ነው?”፣ “ቀረጡ ተከፍሏል?” ለሚሉ ውስን ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ አገልግሎት ያቀርባል። የሥራው ቅደም ተከተል ደግሞ ለብቻው ይጻፋል።

ጥቅሙ የሚታየው ደንብ ሲለወጥ ነው። አዲስ ምርመራ ቢታዘዝ በሰንሰለቱ ላይ አንድ እርምጃ ይጨመራል፤ የሌሎቹ ተቋማት ሶፍትዌር እንዳለ ይቆያል። ሥርዓቱ የዕቃውን መለያ ቁጥር አይቶ መንገዱን በራሱ እንዲመርጥም ማድረግ ይቻላል፤ መድኃኒት ወደ መድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ ዘር ወደ ግብርናው ይመራል።

ለዚህ ዓይነቱ የሥራ ሂደት አጻጻፍ ኦኤሲስ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ጥምረት እአአ በ2007 ቢፔል የሚባለውን ቋንቋ ሁለተኛ ዕትም መለኪያ አድርጎ አጽድቋል።

በተግባርስ?

ሲንጋፖር የንግድ ፈቃዶችን በአንድ መግቢያ የሚያስተናግደውን ትሬድኔት የጀመረችው እአአ በ1989 ነው። ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎቷን እአአ በ2020 ይፋ አድርጋለች። ጂቡቲም የወደቡን ተጠቃሚዎች የሚያገናኝ ፖርት ኮሚዩኒቲ ሲስተም የተሰኘ መረብ አላት።

ማሽን የማይፈታው ጥያቄ

ሶፍትዌሮች ከመገናኘታቸው በፊት ተቋማቱ በቃላት ትርጉም መስማማት አለባቸው። ጂቡቲ በፈረንሳይኛና በአረብኛ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሠራሉ። የዘመን አቆጣጠራቸውም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን የማብቂያ ቀን ልዩነቱን የማያውቅ ሶፍትዌር ቢያነበው፣ የጸና ፈቃድ ከዓመታት በፊት እንዳበቃ ሊቆጥረው ይችላል።

ስህተት ሲፈጠር ማን ይጠየቃል? መረቡ ሲቋረጥስ በምን ይሠራል? እነዚህ በስምምነትና በሕግ የሚመለሱ ናቸው። ሰንሰለቱ የሚፈጥነውም እጅግ በሚዘገየው ተቋም ልክ ነው፤ አንድ ቢሮ የእጅ ማኅተም እስከጠየቀ ድረስ ትራንዚተሩ ወረቀት ይዞ መሰለፉ አይቀርም።